ጋራዥ ውስጥ የተገኘ ሰማያዊ

የመኪና ቀለም! ያ በየጋራዡ በር በጣሳ ተደርድሮ የምናየው፣ ሲረጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ በአጠገቡ ስናልፍ ነጠላችንን ሰብሰብ አድርገን የምንሸሸው ተራ የመኪና ቀለም! ሞዴል መኪና የምትሠሩ፣ የምትሰበስቡ፣ ልጃችሁ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የምታዩ ሁሉ ስሙኝ። ሰው ከውጭ እስኪመጣ ጠብቀን፣ «አደራ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳይፈስ» ብለን ለምነን የምናስመጣትን ያችን 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ እርሷት። ከእሷ የተሻለው ቀለም በእግራችን ወርደን በምንደርስበት ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። በኤርብራሽ ሲረጭ የሚሆነውን ካየሁ ወዲህ ሌላ ወሬ የለኝም፤ ቤተሰቤም ሰልችቶኛል ብሏል።

ጉዳዩን ያመጣችው ላዳ ናት። የእኛዋ ላዳ፣ ሰማያዊ አካል፣ ነጭ ጣሪያ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ሰፈራችን ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን እያቃሰተች የምትወጣው። ዘሯ ጣሊያናዊ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ የተሸለመው ፊያት 124 ነው። ፊያት ከሶቭየት ኅብረት ጋር በ1966 ተዋዋለ፤ በቮልጋ ዳር፣ በጣሊያናዊው ኮሙኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም በተሰየመችው ከተማ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። ሩሲያኖቹ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ሆዷንም ከመሬት ከፍ አደረጉት። ለእነሱ በረዶና ኮረኮንች የተባለው ለፈረንሳይ ዳገት በትእዛዝ የተሠራ ይመስላል።

የእኔዋ ላዳ ደግሞ ከእጄ መዳፍ አትበልጥም። አጎቴ ለትምህርት ሄዶ ሲመለስ ያመጣት፣ በሶቭየት ፋብሪካ ከብረት የተሠራች፣ በ1 ለ 43 ልኬት የተቀነሰች፣ በሮቿ የሚከፈቱ ናት። እውነተኛዋ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ የእኔዋ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል። እንከኗ አንድ ብቻ ነበር፤ ብርቱካንማ ናት። ፈረንሳይ ሰፈር ውስጥ ብርቱካን ላዳ! እኔ የምፈልጋት ታክሲ ናት፤ ሰማያዊና ነጭ። የዓለም የሞዴል ቀለም ፋብሪካዎች ደግሞ የፌራሪን ቀይ፣ የእንግሊዝን የውድድር አረንጓዴ፣ የጀርመን ታንክ ግራጫ በየዓይነቱ ያሽጋሉ፤ የአዲስ አበባን ታክሲ ሰማያዊ ግን ማንም አላሸገውም። ካታሎግ ላይ «ይመስላል» የሚባል ሰማያዊ ሞልቷል። ይመስላል ደግሞ አይደለም ማለት ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዚያ ሰማያዊ ውስጥ ተጨናንቆ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ዓይኑ አይታለልም።

ታዲያ ያን ሰማያዊ ማን ይሠራዋል? ታክሲዎቹን የሚቀባቸው! ይህን ያህል ቀላል ነገር።

ከሰፈራችን ቁልቁል ባለ ጋራዥ፣ ባትላሜራዎቹ አንዱን ሚኒባስ እየቀጠቀጡ ሳለ ቀለም ቀቢውን ጠጋ አልኳቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቱታቸው የሃያ ዓመት ቀለም የተደራረበበት ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። የታክሲ ሰማያዊ ትንሽ ፈልጌ ነበር።»

«ለበር ነው ለኮፈን?»

«ለሙሉ መኪና።»

«መኪናው የታለ?»

ከኪሴ አወጣሁላቸው። ላዳዋን ተቀብለው በሯን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ኮፈኗን አነሱ፣ ገለበጧትና ከሥሯ አዩ። ባትላሜራዎቹም መዶሻቸውን ይዘው መጡ። «እንዴ! ይቺንማ በአንድ ማንኪያ እንቀባታለን» አሉና ጣሳቸውን በዱላ አማስለው በሽሮፕ ብልቃጥ ሞሉልኝ። ነጩንም ጨመሩልኝ። ቲነሩን ሲሰጡኝ ግን ፊታቸው ኮስተር አለ፤ «ይሄኛው ቶሎ የሚደርቀው ነው፣ ይሄኛው ቀስ የሚለው ነው፤ እናንተ ላይ፣ ዳገቱ ጋ፣ ቀስ የሚለው ይሻልሃል።» የዚያን ምክር ክብደት የገባኝ በኋላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ተአምሩ። የሞዴሏን የድሮ ቀለም በማስለቀቂያ አነሳሁት፣ ብረቷን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ በቲነር ጠረግኩ፣ አንቲረስት በስሱ ረጨሁ። ከዚያ ነጩ ተከተለ፣ በመጨረሻም ሰማያዊው። ቀለሙ ከኤርብራሹ አፍ እንደ ጭጋግ ወጥቶ ላዳዋ ላይ ሲያርፍ እርጥብ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ትንፋሽ ወስጄ እንደገና ሳያት ደርቋል። ደርቋል ስል በጣት ተነክቶ አሻራ የማይዝ ማለቴ ነው! በዘይት ቀለም እስከ ማግስቱ ድረስ አቧራ እንዳያርፍበት በጎድጓዳ ሳህን ከድነን የምንጠብቀው ሥራ ቡና ፈልቶ ሳይወርድ አለቀ። የበሩ ስንጥቅ አልተደፈነም። የመስኮቱ ጠርዝ አልደበዘዘም። የበሩ እጀታ ሥር ያለችው ጥላ እንኳ እንዳለች ነች። ብሩሽ ስጠቀም በነበረበት ጊዜ እነዚህ ነገሮች ሁሉ ከቀለሙ ሥር ይቀበሩ ነበር፤ መቀበራቸውንም አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን ሂሳቡ ያስረዳል፤ እኔን ያሳበደኝም ሂሳቡ ነው። ከፋብሪካ በወጣ መኪና ላይ ያለው ቀለም ከታችኛው ንብርብር እስከ ላይኛው ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። እስቲ 120 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቀለም በ1 ለ 43 ላዳ ላይ እናድርግ። ወደ እውነተኛው መጠን ስንመልሰው 43 ጊዜ ይባዛል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቀለም የለበሰ መኪና አስቡት! ማዕዘኑ ሁሉ ይዶለዱማል፤ ሞዴሎቻችን መጫወቻ የሚመስሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመኪና ቀለም ላይ ግን ቀለሙን የያዘው ንብርብር ብቻውን ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ሆኖ እንዲሸፍን የተቀመመ ነው። ዱቄቱ እጅግ ረቂቅ ነው፣ የማቅለም አቅሙም ብርቱ ነው። በሞዴሉ ላይ ሲሰላ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የቀለም ኬሚስቶች ገንዘብና ክብደት ለመቆጠብ ሲሉ ለትልቁ መኪና የደከሙበት ነገር ለእኛ ለትንሿ መኪና መድኃኒት ሆነ።

ታሪኩም ራሱን የቻለ ደስታ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ በ1907 መጨረሻ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ የመጀመሪያውን መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ የመኪና ቀለም በብሩሽ የሚቀባና እስኪደርቅ ሳምንታት የሚፈጅ ነበር። መኪና በፍጥነት እየተገጣጠመ ቀለሙ ግን ፋብሪካውን ያስቆመው ነበር። በ1923 የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የሚባለውን ቀለም አወጣ፤ የ1924 ሞዴል የጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ መኪኖች በእሱ ሰማያዊ ተቀብተው ገበያ ወጡ። የሳምንታቱ ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ዛሬም እንጨት ሠሪዎቻችን ቁም ሣጥን ሲያስውቡ ዱኮ የሚሉት ስሙ ከዚያ ነው። የጋራዡ ቀለም መርጫ ደግሞ ዘሩ ከሐኪም ቤት ነው። አለን ዴቪልቢስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ለጉሮሮ በሽተኛ መድኃኒት የሚረጭ ዕቃ በ1888 መሥራት ጀመሩ፤ ልጃቸው ቶማስ ያንኑ አሳብ ወስዶ ቀለም እንዲረጭ አደረገው። ጋሼ ታክሲ የሚቀቡት የጉሮሮ መድኃኒት መርጫ የልጅ ልጅ በሆነ መሣሪያ ነው ማለት ነው!

አሁን ወደ ጋሼ ምክር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች መሬት ከሰጡ ወዲህ በዚሁ ስም የሚጠራው ሰፈራችን፣ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ ጉራራ ሲወጣ ይጨምራል፣ እንጦጦ ራስጌ ሲደርስ 3,000 ያልፋል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውኃችን ከመቶ ዲግሪ በታች የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቲነርም እንደዚሁ ለመትነን ይቸኩላል። በጥርና በየካቲት ቀትር፣ ደረቁ ነፋስ ከባሕር ዛፎቹ መሃል ሲወርድ፣ ቀለሙ ከኤርብራሹ ወጥቶ ላዳዋ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቃል። ሲያርፍ ዱቄት ነው፤ ላዩ ይሻክራል፣ ያብረቀርቃል የተባለው ሰማያዊ የጠመኔ መልክ ይይዛል። መፍትሔው ቀስ ብሎ የሚተነው ቲነር፣ ኤርብራሹን ቀረብ አድርጎ መያዝ፣ ደግሞም ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት መርጨት ነው። ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ይህን ከፍታ አያውቀውም፤ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ራቅ በል ይልሃል። እዚህ ስምንትም ሰፊ ነው።

ክረምቱ ደግሞ ግልባጩ ነው። በሐምሌ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈሩን ሲያለብስ፣ ቲነሩ ሲተን የብረቱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የቀዘቀዘው ብረት ላይ ከእርጥብ አየሩ ውኃ ይቋጠራል፤ ውኃው ገና ያልደረቀው ቀለም ውስጥ ይታሰርና ሰማያዊው ላይ ነጭ ደመና ይዘረጋል። ቀለም ቀቢዎች ነጣ ይሉታል። በዚያ ወቅት ቀስ የሚለው ቲነር ሁለተኛ ጥቅም አለው፤ ብረቱ በድንገት ስለማይቀዘቅዝ ውኃው አይቋጠርም። አንድ ቲነር ለበጋም ለክረምትም! ጋሼ ፊታቸውን ያኮሰተሩት ለካ ለዚህ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ያገኙት አይመስለኝም፤ ዳገት ላይ ሲቀቡ ኖረው ነው።

ስለ ሰማያዊው ራሱ ካልተናገርኩ ግን ምኑን ጻፍኩት። አንዴ ቀለሙን በእጄ ካስገባሁ ወዲህ ታክሲ የማየው በሌላ ዓይን ነው። አራት ኪሎ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ሁለት አንድ ዓይነት ሰማያዊ አታገኙም! ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ ደመቅ ይላል፣ አባዱላ የሚባለው ጠቆር፣ ላዳዋ ጣሪያዋ አጠገብ ገርጥታ በሩ ላይ አዲስ ናት፤ ባለፈው ወር ተገጭታ ያ በር ብቻ ተቀብቷልና። እያንዳንዱ ጋራዥ በራሱ ዓይን ይበጠብጣል፣ ፀሐይ ደግሞ በራሷ ፍጥነት ታነጣዋለች። ስለዚህ «ትክክለኛው የታክሲ ሰማያዊ የቱ ነው» ለሚለኝ መልሴ፣ የትኛው ታክሲ፣ የትኛው በር፣ የትኛው ዓመት የሚል ነው። ይህ ለሞዴል ሠሪ መና ነው! በዋናው ሰማያዊ ላይ አንዲት ጠብታ ነጭ ጨምሬ አንዱን በር ብቻ በስሱ ረጨሁት፤ ላዳዋ ወዲያው ታሪክ ያላት መኪና ሆነች። ሰው አንስቶ ሲያያት «ይቺ በር ተገጭታ ነበር እንዴ?» ይላል። ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ አልፈልግም።

አሠራሩን ለሚጠይቁኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጋራዡ የሚረጭበት አፍ 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኤርብራሻችን 0.3 ይበቃል። ስለዚህ ቀለሙ ጋራዡ ከሚያቀጥነው በላይ መቅጠን አለበት፤ ለአንድ እጅ ቀለም ሁለት እጅ ቲነር፣ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ወተት ወርዶ ስስ ሽፋን እስኪተው ድረስ። ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር። መጀመሪያ ነጩ ለሙሉ መኪናዋ፣ ከዚያ ጣሪያዋን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ ሰማያዊው፤ ጠቆር ያለ ቀለም ከነጭ ሥር ዘልቆ ይታያልና ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ፕላስተሩ ወዲያው ይነሳል። ነጩና ሰማያዊው የሚገናኙበት መስመር ላይ ጥፍሬን አስኬድኩ፤ እርከን የለም! ለክሮሙ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችው ብርማ ወረቀት ትበቃለች።

ሁለት ነገር ግን በደስታ ብዛት አይዘለልም። ፕላስቲክ ሞዴል ከሆነ፣ ለምሳሌ ጃፓኖቹ በ1 ለ 24 የሚሸጡት ሃይኤስ፣ የመኪና ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ላዩ ይሰነጣጠቃል። ቅድመ ቀለም በስሱ፣ በደረቁ፣ ደጋግሞ ተረጭቶ እንደ ጋሻ ሳይሸፍነው የመኪና ቀለም አያቅምስ። የእኔ ላዳ ብረት ስለሆነች ከዚህ ጣጣ ነፃ ናት። ሌላው ብልጭልጩ ቀለም ነው፤ ሜታሊክ የሚባለው። ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ቅንጣት 30 ማይክሮን ቢሆን፣ በ1 ለ 43 ላይ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ብልጭታ ማለት ነው። ትልቁ መኪና ላይ ኩራት የነበረው ትንሿ ላይ የልደት ካርድ ይመስላል። ታክሲያችን ደግነቱ ብልጭልጭ አታውቅም።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ስነግራችሁ ደስታዬ ሁለት እጥፍ ነው። ኮምፕሬሰር አያስፈልግም! ትርፍ የመኪና ጎማ ወደ ጎሚስታ ይዞ ሄዶ ማስነፋት፣ ከጎማው ቫልቭ ወደ ኤርብራሹ ቱቦ ማገናኘት፤ በቃ። ድምፅ የለው፣ ቆጣሪ የለው። አየሩ እየቀነሰ ሲሄድ ግፊቱም ይወርዳል፣ ለላዳ የሚያህል ሥራ ግን ይበቃል። ድሮ ኮምፕሬሰር ውድ በነበረበት ዘመን ሌላው ዓለምም እንዲህ ያደርግ ነበር። እኛ ጎሚስታ በየማዕዘኑ እያለን ያላደረግነው ይገርማል።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አንድ ቁም ነገር ልናገር። ይህ ቀለም ለሳንባ ጠላት ነው። በተለይ ማጠንከሪያ፣ ሃርድነር የሚጨመርበት የላይኛው አንጸባራቂ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ትንፋሽን የሚያሳጥር፣ አንዴ ከያዘ የማይለቅ አስም የሚያመጣ። የኮቪድ ጊዜው የጨርቅ ማስክ ለዚህ ከንቱ ነው፤ ለኬሚካል ተን የተሠራ ባለ ማጣሪያ ጭምብል ያስፈልጋል፤ ሃርድነር ያለበትን ደግሞ ቤት ውስጥ ጨርሶ አልረጭም። ብልጭታም ይፈራል፤ እናቴ ከሰል ያቀጣጠለችበት ግቢ ውስጥ ቲነር አይከፈትም። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ማየትም የጎረቤት ሕግ ነው። የጎረቤታችን የበርበሬ ስጥ ከአጥር ማዶ ተዘርግቶ እያለ ሰማያዊ መርጨት የሚያስከትለውን ላስረዳችሁ አያስፈልግም።

ላዳዎቹ እያረጁ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል፤ ዳገቱን ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች መውጣት ጀምረዋል። ላዳን በትክክለኛ ቀለሟ ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ሰማያዊው ገና በጣሳ እያለ ይፍጠን።

እኔ ወደ አንበሳ አውቶቡስ አልፌያለሁ። አሥራ ሁለት ሜትር የሚሆን አውቶቡስ በዚያው በ1 ለ 43 ልኬት 28 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ገላውን ከፕላስቲክ ሉህ እየቆረጥኩ አጣብቄ ጨርሻለሁ። የአንበሳ ቀለሞች፣ ቀይና ቢጫ፣ ደግሞ ከሰማያዊ የከበዱ ናቸው፤ ሁለቱም ከሥራቸው ያለውን የሚያሳዩ ደካማ ሸፋኞች ስለሆኑ ከሥር ንጹሕ ነጭ ይፈልጋሉ። ፕላስቲኩ በቅድመ ቀለም ከተሸፈነ በኋላ ቅደም ተከተሉ ነጭ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ቢጫውን ሸፍኖ ቀይ ነው። ጋሼ ቀዩን ከአንድ እውነተኛ አንበሳ በር ላይ እያስተያዩ ሊበጠብጡልኝ ቃል ገብተዋል፤ እስከዚያው ነጩን መርጨት ጀምሬያለሁ።